የስፔክትረም ስክሪን ለምን እንዲህ ተዘበራረቀ? አንድ ክርና 31 መልሶቹ

የውይይት መድረኩን ክር የከፈተው ሰው ጥያቄም ክስም ይዞ ነው የመጣው። በኢሙሌተር (አሮጌ ማሽንን አስመስሎ በሚሠራ ፕሮግራም) ላይ ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለውን የድሮ የቤት ኮምፒውተር ከፍቶ ከሜሞሪ አድራሻ 16384 እስከ 22527 ድረስ 255ን በፖክ (ቁጥርን አንድ አድራሻ ላይ በሚጽፍ ትእዛዝ) የሚሞላ አጭር ፕሮግራም በቤዚክ ቋንቋ ጻፈ። ስክሪኑ ከላይ ወደ ታች በተርታ ይጠቁራል ብሎ ሲጠብቅ አንድ ቀጭን መስመር ወጣ፤ ሁለተኛው 7 መስመር ዘሎ ወረደ፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። የላይኛው ሲሶ ሙሉ በሙሉ እስኪጠቁር ድረስ ወደ መሃሉ አልተሻገረም። ከዚህ ተነስቶ የማሽኑ አምራች የሲንክሌር መሐንዲሶች ተሳስተዋል፣ ማረሚያ ጊዜ አጥተው እንዳለ ለገበያ አውጥተውታል ሲል ደመደመ። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። የአንድ ነጥብ አድራሻ እንዴት ይገኛል? ደግሞስ በቤዚክ ጨዋታ መጻፍ ያዋጣል ወይስ ፕሮሰሰሩ ራሱ ወደሚረዳው ማሽን ኮድ ቀጥታ መግባት ይሻላል?

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ስለ ክሱ ምንም ሳይናገር ቁጥሮቹን ብቻ ደረደረ። ማሽኑ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ዜድ80 ፕሮሰሰር በ3.5 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ 16 ወይም 48 ኪሎባይት ሜሞሪ ያለው ነው። ስክሪኑ 256 በ192 ነጥብ ነው። ነጥቦቹ 6144 ባይት ይወስዳሉ፤ ቀለሙ ደግሞ ከ22528 ጀምሮ 768 ባይት፤ ድምሩ 6912። አንድ የቀለም ባይት ለ8 በ8 ነጥብ ካሬ ያገለግላል። የሚሰላውም የፊቱ ቀለም ሲደመር የጀርባው ቀለም በ8 ተባዝቶ፣ ደመቅ እንዲል 64፣ ብልጭ ድርግም እንዲል 128 ተጨምሮበት ነው። ደማቅ ቢጫ በሰማያዊ ላይ ለማግኘት 6 ሲደመር 8 ሲደመር 64፣ 78 ይሆናል።

2ኛው መልስ የአድራሻውን ስሌት በምሳሌ ሠራው። ክሩን ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ይህችን ብቻ ይያዝ። ነጥቡ ከግራ 100፣ ከላይ 83 ነው እንበል። 83 በባይነሪ 01010011 ነው፤ ይህ 01፣ 010 እና 011 ተብሎ በሦስት ይቆረጣል። የመጀመሪያው ቁራጭ የትኛው ሲሶ እንደሆነ ይናገራል፤ የመሃሉ በሲሶው ውስጥ ስንተኛ የፊደል ረድፍ እንደሆነ፤ የመጨረሻው በረድፉ ውስጥ ስንተኛ መስመር እንደሆነ። አድራሻው ሲገጣጠም የመሃሉና የመጨረሻው ቦታ ይለዋወጣሉ። የላይኛው ባይት ከ010፣ ከ01 እና ከ011 ተገጥሞ 01001011፣ ማለትም 75 ይሆናል። ለታችኛው ባይት 100 ለ8 ይካፈላል፤ 12 ደርሶ 4 ይተርፋል። 12 በአምስት አኃዝ 01100 ስለሆነ ከ010 ጋር ሲገጠም 01001100፣ ማለትም 76። 75 በ256 ተባዝቶ 76 ሲጨመርበት 19276 ይወጣል። ትርፉ 4 በመሆኑ ነጥቡ በባይቱ ውስጥ ከግራ አምስተኛ ነው፣ ዋጋውም 8 ነው። ስለዚህ ፖክ 19276,8። ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ስክሪኑን አጽድቶ ፖኩን መስጠት፣ ከዚያ ነጥቡ መሳሉን የሚናገረው ፖይንት (100,92) 1 ይመልስ እንደሆነ ማየት ነው። 92 የሆነው ቤዚክ ቁመትን ከታች ወደ ላይ ስለሚቆጥርና የታችኞቹን ሁለት የፊደል ረድፎች ለራሱ ስለሚያስቀር ነው፤ 175 ሲቀነስ 83።

3ኛው መልስ ከራሱ ከጠያቂው ሲሆን አንድ መስመር ብቻ ነው። ስሌቱ ገብቶታል፣ ነገር ግን አንድ ነጥብ ለማግኘት ይህን ሁሉ መቁረጥና መቀጠል ካስፈለገ ክሱን የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አይደለም ባይ ነው።

4ኛው መልስ ክሱን ያፈረሰው ነው፤ በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ የላቀው። ሃርድዌሩን የነደፈው ሪቻርድ አልትዋሰር ነው፤ አደራደሩም ታስቦበት የተደረገ ነው። ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን የሚልከው ዩኤልኤ የተባለው ቺፕ ለእያንዳንዱ 8 ነጥብ ሁለት ባይት ማንበብ አለበት፣ አንድ ለነጥቦቹ አንድ ለቀለማቸው። በዚህ አደራደር የሁለቱ አድራሻዎች የታችኛው ባይት ምንጊዜም አንድ ነው። የላይኛው ምሳሌ ነጥቡ 19276 ላይ ነው፣ ቀለሙ 22860 ላይ። ሁለቱም ለ256 ሲካፈሉ 76 ይተርፋሉ። የዚያን ዘመን ሜሞሪ ቺፕ አድራሻን በአንዴ አይቀበልም፤ መጀመሪያ ረድፉን ቀጥሎ ዓምዱን ነው የሚቀበለው። የታችኛው ባይት አንድ ከሆነ ዩኤልኤ ረድፉን አንዴ ሰጥቶ ዓምዱን ብቻ እየቀየረ ሁለቱንም ያነባል፣ ጊዜም ይተርፈዋል። ለፕሮግራመሩም ትርፍ አለው። ፊደል ሲሳል ከአንዱ መስመር ወደ ታችኛው ለመውረድ የአድራሻውን የላይኛ ባይት በሚይዘው የፕሮሰሰሩ ኤች ሬጂስተር ላይ 1 መጨመር ይበቃል፤ ይህም 4 ሳይክል (የፕሮሰሰሩ ሰዓት ምት) ነው። መስመሮቹ በተርታ ቢቀመጡ ኖሮ ለእያንዳንዱ መስመር 32 መደመር ያስፈልግ ነበር፤ መደመሩ ብቻ 11 ሳይክል ይበላል፣ 32ን የሚይዝ ሌላ ጥንድ ሬጂስተርም ይታሰርበታል።

5ኛው መልስ አራተኛውን ጋሼ ብሎ አመስግኖ ወዲያው አረመው። ኤች ላይ 1 መጨመር የሚሠራው ለ8 መስመር ብቻ ነው። ቁመቱ 16 የሆነ ምስል በዚህ መንገድ ብቻ ከተሳለ የታችኛው ግማሽ ከቦታው 56 መስመር ወርዶ፣ በሚቀጥለው ሲሶ ውስጥ ይታያል። በታችኛው ሲሶ ላይ ከሆነማ ጽሕፈቱ ወደ ቀለም ሜሞሪ ገብቶ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ካሬዎች ይረጫል። ትክክለኛው አወራረድ እንዲህ ነው። ኤች ላይ 1 ጨምር፤ ኤች ለ8 ሲካፈል ትርፍ ካለው ጨርሰሃል። ትርፍ ከሌለው የታችኛውን ባይት የሚይዘው ኤል ላይ 32 ጨምር፤ ኤል ከ255 ካለፈ ወደ ሚቀጥለው ሲሶ ገብተሃልና ጨርሰሃል። ካላለፈ ከኤች 8 ቀንስ። ቅደም ተከተሉን የሚያዛባ ሰው የሲሶዎቹ ድንበር ላይ ነው የሚጋለጠው። ስለዚህ ምስሉን ሁልጊዜ መስመር 60 አካባቢ ላይ አስቀምጦ መሞከር ይገባል፤ ስክሪኑ አናት ላይ የሚሞክር ሰው ስህተቱ አይታየውም።

6ኛው መልስ ጨዋታውን ወደ ካሴት ወሰደው። ጠያቂው ያየውን አሞላል በዘመኑ ማንኛውም የስፔክትረም ተጠቃሚ በቃሉ ያውቀዋል፣ ምክንያቱም ጨዋታ ከካሴት ሲጫን የመክፈቻው ስዕል የሚመጣው በዚያው መንገድ ነበር። የስክሪኑ ጠርዝ ለመሪው ድምፅ ቀይና ውሃ ሰማያዊ፣ ለመረጃው ሰማያዊና ቢጫ እየሆነ ይርገበገባል። ስዕሉ በጥቁርና ነጭ ሲሶ በሲሶ ይሞላል፣ ቀለሙ መጨረሻ ላይ አንዴ ጠረግ አድርጎ ያለብሰዋል። በየእሽጉ መጨረሻ ላይ ያለፉት ባይቶች ሁሉ በኤክስኦር (ቢት ከቢት በሚያነጻጽር ስሌት) የተደመሩበት አንድ መፈተሻ ባይት አለ፤ አንዲት ቢት ከተዛባች ቴፕ ሎዲንግ ኤረር ይላል። መድኃኒቱንም ጨመረ። ድምፁን ሦስት አራተኛ ላይ ማድረግ፤ የቴፑን ጭንቅላት በአልኮል መጥረግ፤ ካልሆነ ከጭንቅላቱ አጠገብ ያለችውን ብሎን ካሴቱ እየተጫወተ በትንሽ ካቻቢቴ ቀስ ብሎ ማዞር፣ ቀጭኑ ድምፅ በጣም ጥርት ያለበት ቦታ ላይ ማቆም። ከማዞር በፊት የብሎኑን ቦታ በቀለም ምልክት ማድረግ ግድ ነው። ስቴሪዮ ቴፕ የሚጠቀም ሰው ሁለቱን ቻናል አይቀላቅል፤ ጭንቅላቱ ትንሽ ከዘመመ ሁለቱ እየተጣፉ ምልክቱን ያደክሙታል። አንዱን ብቻ ይውሰድ።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ሰላም ነበር። 7ኛው መልስ የኮሞዶር 64 ወዳጅ ነው። ይህ ሁሉ መከራ ለምን ሲል ጠየቀ። በዚያው በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 ስምንት የሃርድዌር ስፕራይት (ቺፑ ራሱ የሚስለው ተንቀሳቃሽ ምስል) አለው፣ እያንዳንዱ 24 በ21 ነጥብ። ሁለት ፖክ ሰጥተህ ታንቀሳቅሰዋለህ፤ መደምሰስ የለ፣ ጀርባውን መልሶ መሳል የለ፣ 16 ቀለም አለ። 8ኛው መልስ ጥርሱን ነክሶ ተነሳ። እስቲ በኮሞዶሩ ቤዚክ አንዲት መስመር ስለህ አሳየን አለ። የዚያ ቤዚክ ሁለተኛ ስሪት ነጥብ ማድረጊያም፣ ክብ መሳያም፣ የቀለም ትእዛዝም የለውም። 8000 ባይቱን የግራፊክስ ስክሪን በፎር ሉፕ ለማጽዳት ብቻ ከ20 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። በስፔክትረም ግን ፕሎት፣ ድሮው፣ ሰርክል፣ ኢንክ ሁሉም አሉ። መጨረሻ ላይ የኮሞዶር ሰዎችን የስፕራይት አድራሻውን 53248ን እንደ ውዳሴ ማርያም የሚደግሙ ብሎ ነካቸው። ነገሩ እውነትነት ነበረው፣ ስድቡ ግን ለምንም አልጠቀመ።

9ኛው መልስ ስድቡን እንዳላየ አልፎ ሥራውን ሠራ። ለኮሞዶር 64 ስፕራይት 63 ቁጥሮችን ከ832 ጀምሮ ማስገባት። 832 ለ64 ሲካፈል 13 ስለሆነ ፖክ 2040,13። ፖክ 53269,1 የመጀመሪያውን ስፕራይት ያበራዋል፤ ቀለሙ 53287 ላይ፣ አግድሙ 53248 ላይ፣ ቁመቱ 53249 ላይ ነው። ስክሪኑ የሚጀምረው ከ0 አይደለም፤ ግራው ጥግ አግድም 24 ቁመት 50 ነው፣ ስለዚህ 0,0 ሰጥቶ ስፕራይቴ ጠፋ የሚል ሰው ስፕራይቱ ከጠርዙ ሥር ተደብቋል። ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ስክሪኑ 320 ነጥብ ሲሆን የአግድሙ ባይት 255 ላይ ያበቃል። 256 ፖክ ቢደረግ ኢሊጋል ኳንቲቲ ኤረር ይመጣል፤ ከ0 ቢጀመር ስፕራይቱ ወደ ግራ ዘሎ ይመለሳል። ከ255 ሲያልፍ የ53264ን የራሱን ቢት ማብራት፣ ከአግድሙ 256 መቀነስ፤ ሲመለስ ማጥፋት። ሁለተኛው፣ 832 የካሴቱ መሸጋገሪያ ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ በመሃል ፕሮግራሙን ካሴት ላይ ያስቀመጠ ሰው ስፕራይቱ ተበላሽቶ ያገኘዋል። 10ኛው መልስ በዚህ ላይ የግጭት መዝገቡን አነሳ። 53278 የትኞቹ ስፕራይቶች እንደተነካኩ ይናገራል፣ ግን አንዴ ሲነበብ ይጠፋል። በሁለት ኢፍ (ሁኔታ መፈተሻ ትእዛዝ) ሁለት ጊዜ የሚያነበው ሰው ሁለተኛው ኢፍ ሁልጊዜ 0 ይመስለዋል። አንዴ አንብቦ ተለዋዋጭ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

11ኛው እሳቱን መልሶ ቆሰቆሰ፤ ስፔክትረም 3.5 ሜጋኸርዝ፣ ኮሞዶር 1 ሜጋኸርዝ ገደማ፣ ስለዚህ ሦስት እጥፍ ተኩል ይበልጣል አለ። 12ኛው ይህን በሁለት መስመር ዘጋው። የኮሞዶሩ ፕሮሰሰር 6510 አንድን ትእዛዝ ከ2 እስከ 7 ሳይክል ይጨርሳል፤ ዜድ80 ከ4 እስከ 23 ይወስዳል። ሜጋኸርዝን ብቻ ከሜጋኸርዝ ጋር ማወዳደር ምንም አይነግርም። አስተዳዳሪውም ገብቶ ማሽን ለማሽን መሰዳደቡ ይብቃ አለ፤ መልእክቱ ቁጥር ስላልተሰጠው እኔም አልቆጠርኩትም።

13ኛው መልስ ሁለተኛውን ጥያቄ አስታወሰ። በቤዚክ ጨዋታ መጻፍ ይቻላል፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ኪቦርዱ ላይ ነው። ኢንኪ የተባለው ቁልፍ ማንበቢያ ትእዛዝ ሁለት ቁልፍ አብረው ሲጫኑ ባዶ ይመልሳል፣ ስለዚህ ሰያፍ መሄድ ወይም እየሄዱ መተኮስ አይቻልም። መፍትሔው ቁልፎቹን ቀጥታ በኢን (IN) ትእዛዝ ማንበብ ነው። ኢን 57342 ከፒ እስከ ዋይ ያሉትን አምስት ቁልፎች ያነባል፤ የተጫነው ቢት 0 ይሆናል። ግን ውጤቱን ከ255 ጋር ማስተያየት አይገባም፤ ኢሹ 2 የሚባለው ቦርድ ምንም ሳይነካ 255 ሲሰጥ ኢሹ 3 ግን 191 ይሰጣል። በአንዱ ላይ የሚሠራ ጨዋታ በሌላው ላይ ገጸ ባሕሪው ብቻውን እየሮጠ ግድግዳ ላይ የሚጋጨው በዚህ ምክንያት ነው።

14ኛው ውጤቱን በአንድ (AND) 31 አድርጉ ብሎ መከረ። 15ኛው ሻካራ ነበር፤ ሳይሞክሩ ለሚመክሩ ሰዎች ያለውን ንቀት አልደበቀም። የስፔክትረም ቤዚክ አንድ (AND) ቢቶችን አያጣራም። ሁለተኛው ቁጥር ዜሮ ካልሆነ የመጀመሪያውን እንዳለ ይመልሳል፤ ስለዚህ ምክሩ ስህተት መልእክት እንኳ ሳያወጣ ዝም ብሎ ምንም አይሠራም። የተነበበው ቁጥር ኬ ከሆነ፣ የሚሠራው ኬ ሲቀነስ 32 በኢንት(ኬ/32)፣ ማለትም በሙሉ ድርሻው፣ ተባዝቶ ነው። 31 ምንም አልተነካም፣ 30 ፒ፣ 29 ኦ፣ 28 ሁለቱም ማለት ነው። በማሽን ኮድ ግን አንድ (AND) 31 ትክክል ነው፤ 14ኛው ግራ የተጋባው ከዚያ ይመስለኛል።

16ኛው ስለ ሜሞሪ ቁጠባ ጻፈ። በፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈ ማንኛውም ቁጥር ከአኃዞቹ በተጨማሪ 6 ስውር ባይት ይይዛል፤ 0 ብሎ መጻፍ 7 ባይት ነው። ኖት ፓይ ግን 0 ይሰጣል፣ የሚይዘው 2 ባይት ነው። ስግን ፓይ 1 ይሰጣል። 10ን ቫል "10" ብሎ መጻፍም ያሳጥራል፣ ግን ያዘገያል። 17ኛው፣ 48 ኪሎባይት ላለው ሰው ይህ ንባብን ማበላሸት ብቻ ነው፣ ለ16 ኪሎባይቱ ማሽን ብቻ ይሁን አለ። በዚህ ከ17ኛው ጋር ነኝ።

ከ18 እስከ 22 ያሉት መልሶች ለጨዋታ ሠሪ ዋናዎቹ ናቸው። 18ኛው ምስል ለምን እንደሚርገበገብ አብራራ። ማሽኑ በሰከንድ 50 ጊዜ ኢንተራፕት (የተያዘውን ሥራ የሚያቋርጥ ምልክት) ይቀበላል፤ በሁለት ኢንተራፕት መካከል 69888 ሳይክል አለ። ኢንተራፕቱ ከመጣ በኋላ የቴሌቪዥኑ ጨረር የስክሪኑን የመጀመሪያ መስመር እስኪደርስ 14336 ሳይክል ይፈጃል፣ ያም 64 መስመር በ224 ማለት ነው። ሃልት በሚለው ትእዛዝ ኢንተራፕቱን ጠብቆ በዚህ ፋታ ውስጥ ደምስሶ የሳለ አይርገበገብበትም። ኮዱና የምስሉ መረጃ ከ32768 በላይ ይቀመጡ፤ ከዚያ በታች ያለውን ሜሞሪ ዩኤልኤ ስክሪኑን ሲስል ስለሚሻማ ፕሮሰሰሩ ይጠብቃል።

19ኛው በዚያ ፋታ ስድስት ስፕራይት ይሳላል ብሎ በልበ ሙሉነት ጻፈ። 20ኛው ወንድሜ እስቲ ቁጠር ብሎ ጀመረ፣ ቃናው ግን የወንድም አልነበረም። 16 በ16 የሆነ ምስል በነጥብ ሲንሸራተት በስፋት 3 ባይት ይይዛል፤ 16 መስመር በ3፣ 48 ባይት። እያንዳንዱን ባይት ከመረጃው ማንበብ 7 ሳይክል፣ ከስክሪኑ ጋር ኤክስኦር ማድረግ 7፣ መልሶ መጻፍ 7፣ ሁለቱን አድራሻ ማሳለፍ 6 እና 4፤ ድምሩ 31። በ48 ሲባዛ 1488። ለየመስመሩ መውረጃና መቁጠሪያ 45 ገደማ ሲጨመር አንድ ስፕራይት 2200 አካባቢ ነው። መደምሰሱም ያንኑ ያህል ስለሚፈጅ 4400። ሦስቱ 13200፤ አራተኛው አይገባም። ግን ፈረደ እንጂ አልዘጋውም። ስፕራይቶቹን ከላይ ወደ ታች በቁመታቸው ለይቶ የሚስል ሰው ከጨረሩ ፊት ፊት መሮጥ ይችላል፤ መስመር 128 ላይ ላለው ስፕራይት ተጨማሪ 28672 ሳይክል አለ። ለሚንሸራተተው ምስል 8ቱን አቀማመጦች አስቀድሞ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ነው፣ 8 በ48፣ 384 ባይት፤ ሲጫወቱ ቢት እያንሸራተቱ መሳል ከላይ ያለውን ሒሳብ ሁሉ ያፈርሰዋል።

21ኛው ሙሉ ስክሪን ማጽዳትን አነሳ። ኤልዲአይአር የተባለው የመገልበጫ ትእዛዝ በባይት 21 ሳይክል ነው፤ 6144 ባይት 129024፣ ወደ ሁለት ፍሬም (ከኢንተራፕት እስከ ኢንተራፕት) የሚጠጋ። ስታክ (የፕሮሰሰሩ ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ላይ የሚጽፈው ፑሽ ግን በ11 ሳይክል ሁለት ባይት ይጽፋል፤ ሁሉም በ33792 ያልቃል። የስታክ ጠቋሚውን 22528 ላይ አድርጎ ወደ ታች መግፋት ነው። 22ኛው ማስጠንቀቂያ አከለ። መጀመሪያ የስታኩን የቀድሞ አድራሻ ማስቀመጥ፣ ከዚያ በዲአይ ኢንተራፕት መዝጋት። ይህ ካልተደረገ ኢንተራፕቱ የመመለሻ አድራሻውን ስክሪኑ ላይ ይጥላል፣ እዚህም እዚያም የነጥብ ቁራጭ ይታያል። ማሽኑ ላይሰናከል ስለሚችል ሰው ምክንያቱን በስፕራይቱ ኮድ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል።

23ኛው የቀለም መደባለቅን በአጭሩ አየው። በአንድ 8 በ8 ካሬ ውስጥ ሁለት ቀለም ብቻ ስለሚፈቀድ፣ ቀይ ጀግና አረንጓዴ ዛፍ አጠገብ ሲያልፍ ወይ ዛፉ ይቀላል ወይ ጀግናው ይለመልማል። መውጫው ክፍሉን በሙሉ በአንድ ጥንድ ቀለም መሥራት ነው፤ በ1984 የወጣው ናይት ሎር እንዲያ ነው ያደረገው። ካልሆነም ምስሉን በ8 ነጥብ እርምጃ ብቻ ማንቀሳቀስ።

24ኛው ክሩን አሳተው። አሮጌ ማሽን ገዝቶ ሲያበራው የቅጂ መብት ጽሑፉ በመምጣት ፈንታ ስክሪኑ በዘንጎችና በካሬዎች ለሚሞላ ሰው ምን ትላላችሁ አለ። 25ኛው ከሃርድዌር የሚውል ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። የታችኛው 16 ኪሎባይት የተሠራበት 4116 ቺፕ ሦስት ቮልቴጅ ይፈልጋል፣ 12፣ 5 እና ከዜሮ በታች 5። ከዜሮ በታች ያለው 5 ከጠፋ ቺፖቹ ይቃጠላሉ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲአር4 የተባለው ትራንዚስተር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሞተውም ማሽኑ በርቶ እያለ የጆይስቲክ መገናኛ ከኋላ ሲሰካ ወይም ሲነቀል ነው። ስለዚህ ቺፕ ከመቀየር በፊት ሦስቱን ቮልቴጅ በቴስተር መለካት፣ ትራንዚስተሩን መቀየር፣ እንደገና መለካት፣ ከዚያ በኋላ ቺፕ። የኃይል መስጫው 9 ቮልት ሆኖ መሃሉ ኔጌቲቭ ነው፤ የአሁኖቹ አዳፕተሮች አብዛኞቹ መሃላቸው ፖዘቲቭ ስለሆነ ዝም ብሎ ቀዳዳው ገባ ብሎ መሰካት ነው ማሽን የሚገድለው። 26ኛው ለብየዳ ሌላ ክር ክፈቱ ብሎ ሁለቱንም ገሠጸ።

27ኛው መልስ ክሩ ወደማያስበው ቦታ ወሰደው። በዚህ ማሽን ላይ ፊደላችንን መጻፍ ይቻላል ወይ? ለተጠቃሚ የተተዉት ቅርጾች 21 ብቻ ናቸው፤ መሠረታዊው ገበታ 33 በ7፣ 231 ነው። 28ኛው መንገዱን አሳየ። ማሽኑ የፊደሎቹን ቅርጽ የሚፈልግበት አድራሻ 23606 እና 23607 ላይ ተጽፏል፣ ከእውነተኛው 256 ተቀንሶ። መጀመሪያ ክሊር 59999፣ ከዚያ በላይ ያለውን ሜሞሪ ለቅርጾቹ ለማስቀረት። ከዚያ ሦስት የቅርጽ ሰሌዳ ከ60000፣ ከ60768 እና ከ61536 ጀምሮ ማስቀመጥ፤ እያንዳንዱ 96 ቅርጽ በ8 ባይት፣ 768። ሦስቱ 288 ቅርጽ ይይዛሉ፣ ለ231ዱ በቅተው 57 ቦታ ለሁለት ነጥብ፣ ለአራት ነጥብና ለዲቃሎቹ ይተርፋል። ፖክ 23606,96 አንዴ ከተደረገ በኋላ ሰሌዳ መቀያየር በአንድ ፖክ ያልቃል፤ 23607 ላይ 233፣ 236 ወይም 239፣ ምክንያቱም 768 ልክ ሦስት ጊዜ 256 ነው። ሰሌዳዎቹን እንደዚህ እንዲከታተሉ ያደረገ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

29ኛው ቅርጾቹን ይዞ መጣ። 'በ' ሲነደፍ የግራው ዓምድ ባዶ ይሁን፣ እግሮቹ በሁለተኛውና በስድስተኛው ዓምድ ላይ ይቁሙ፤ 0,124,68,68,68,68,68,0። ቡ ላይ ቅጥያው ከወገቡ ይወጣል፣ 0,124,68,71,68,68,68,0። ቢ ላይ ያቺው 71 ወደ እግር ትወርዳለች፣ 0,124,68,68,68,68,71,0። ቤ ቀለበቷን ለማግኘት 0,124,68,68,71,69,71,0። 'በ'ን ሰፋ አድርጎ 126 እና 66 መጠቀም ለብቻው ሲታይ ያምራል፣ ግን ለ'ቡ' እና ለ'ቢ' ቅጥያ ቦታ ስለማይተርፍ ፊደሎቹ በአንድ ቃል ውስጥ ስፋታቸው ይዛባል። ጨ እና ጬ ግን በ8 ነጥብ አይሞከሩም፤ ሦስት እግር ከነክፍተቱ ብቻ 5 ዓምድ ይበላል። ለእነሱ ሁለት ቅርጽ ጎን ለጎን ማተም ነው፣ ከትርፎቹ 57 ላይ እየወሰዱ።

30ኛው ኤምኤስኤክስ የተባለው ሌላ የቤት ኮምፒውተር ዓይነት ወዳጅ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሳኽር በሚል ስም የተሸጡት የአረብኛ ኤምኤስኤክስ ማሽኖች ለዚህ ሥራ ይመቻሉ አለ፤ የምስል ቺፑ 256 ቅርጽ ስለሚይዝ 231ዱ በአንድ ሰሌዳ ይገባሉ፣ ቀለሙም ስክሪን 2 በሚባለው የግራፊክስ አሠራር ለእያንዳንዱ 8 በ1 ነጥብ ሁለት ነው። በተጨማሪም 32 ስፕራይት አለው። ወዲያው ደግሞ ራሱ ገደቡን ተናገረ፤ በአንድ መስመር ላይ አምስተኛው ስፕራይት አይታይም። ስክሪን 2ም በሦስት ሲሶ የተከፈለ ነው፣ እያንዳንዱ ሲሶ የራሱን 256 ቅርጽ ይፈልጋል፤ ፊደሎቹ ሦስት ጊዜ ካልተጫኑ ከላይ አማርኛ የነበረው ጽሑፍ መሃሉ ላይ ሲደርስ ትርጉም የለሽ ቅርጽ ይሆናል።

የጠያቂው የመጨረሻ ጥያቄ ቁጥር አልተሰጠውም። የ28ኛውን ፖክ ካደረገ በኋላ ፕሮግራሙ ስህተት ላይ ቆመ፣ የስህተቱ መልእክት ግን በባዶ ሰሌዳ ስለታተመ አይነበብም፣ የፕሮግራሙ ዝርዝርም እንደዚያው። 31ኛው መልሱን ሰጠ። ሳያዩ መጻፍ ነው። የኦ (O) ቁልፍን መጫን ፖክ ያወጣል፤ ከዚያ 23606,0፣ ሲምቦል ሺፍትና ዜድ ለሁለት ነጥቡ፣ እንደገና ኦ፣ 23607,60፣ ኢንተር። ከዚህ በኋላ ሰሌዳውን የሚቀይረው መስመር ከመጻፉ በፊት ዋናውን ሰሌዳ ከሮም (ከማሽኑ ቋሚ ሜሞሪ) ወደ 60000 መገልበጥና አማርኛውን በላዩ ላይ መተካት ይሻላል፤ ያልተሞሉት ቦታዎች እንግሊዝኛ ሆነው ይቆያሉ፣ መልእክቱም ቢያንስ በከፊል ይነበባል። መገልበጫው ፎር አይ=0 ቱ 767፣ ፖክ 60000+አይ, ፒክ (15616+አይ)፣ ኔክስት አይ ነው።